የቧንቧ ጆሮ

ጥቅምት 9

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ብርዱ እንዳይጠናብሽ፣ ሥራሽ እንዲቃናልሽ፣ የሚመቀኝሽን ዓይን ሁሉ ፈጣሪ ወደ ሌላ እንዲያዞርልሽ እለምናለሁ። እኛ ከውሃ በስተቀር ሁሉም አለን፤ ይመስገን።

በስልክ መናገሩን ትቼ የምጽፍልሽ ስለተናደድኩ ነው። ስልኩ ይቆራረጣል፤ እኔ ደግሞ ስናደድ የምናገረው ይጠፋኛል። ወረቀት ላይ ግን ንዴቴን አስተካክዬ መደርደር እችላለሁ።

የውሃ ጥገናውን ክፍል መምራት ከጀመርኩ ጀምሮ እንደዘንድሮው ያለ ዓመት አላየሁም። ከጉድጓድ ስበን የምንገፋው ውሃ ግማሽ ያህሉ ማንም ቤት አይደርስም። መሬት ውስጥ ይጠፋል። የላይኛው ሰፈር፣ ማለት እናትሽ ያለችበት፣ ግፊቱ አልደርስ ብሎ ደርቋል። ውሃ የሚያመጣው መኪና ሲመጣ ሰዉ በጀሪካን ይሻማል፤ ከዚያ ደረጃውን ተሸክሞ መውጣት ነው። እናትሽ ሦስተኛ ፎቅ መሆኗን አንቺም ታውቂያለሽ።

አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ዘንድ ገብቼ፣ «ቀዳዳዎቹን እንፈልግ» አልኩት።

«አዲስ ጥልቅ ጉድጓድ እናስቆፍራለን» አለኝ።

«የሚያፈስ ባልዲ ውስጥ ብዙ ውሃ ብትጨምርበት የሚፈሰው ነው የሚበዛው» አልኩት።

ሳቀ። «ጋሼ፣ ለተደፈነ ቀዳዳ ማን ሪባን ይቆርጣል?» አለኝ። እውነቱን ነው። ያናደደኝም እውነቱን መሆኑ ነው።

ባለፈው ፋብሪካችሁ ድምፅ የሚለይ ቺፕ ይሠራል ብለሽኝ ነበር። እኛ እስካሁን ቧንቧ የምናዳምጠው የብረት ዘንግ ጆሯችን ላይ ደግነን ነው። የእኔ ጆሮ ደግሞ እንደ ባለቤቱ ጡረታ መጠየቅ ጀምሯል። ገንዘብ አልፈልግም፤ ጫማም አልፈልግም። ጆሮ ላኪልኝ።

አጎትሽ


ኅዳር 6

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ፣

ለጤናዎ እንደምን አሉልኝ? ጉልበትዎን ያበርታልኝ፤ ንዴትዎንም ያብርድልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤዎን ሳነብ ድምፅዎን የሰማሁ ያህል ነው የሆነልኝ፤ ያውም ሲጮሁ።

ጆሮዎቹን ልኬያለሁ። ፋብሪካው ለሙከራ ከሠራቸው የተረፉ ናቸው፤ ኃላፊዬን አስፈቅጄ ነው የወሰድኳቸው። እያንዳንዱ የሳሙና ያህል ነው። ማግኔት ስላለው ጉድጓድ ውስጥ የቧንቧው መዝጊያ ላይ ይለጠፋል። ውስጡ ያለችው ቺፕ ከጥፍር ታንሳለች፤ የቧንቧውን ድምፅ እየሰማች፣ «ይህ የሚሾልክ ውሃ ነው፣ ይህ የመኪና ድምፅ ነው» ብላ እዚያው ትወስናለች። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ነገር ሁልጊዜ አዳራሽ ሙሉ ኮምፒውተርና ለአንድ ከተማ የሚበቃ መብራት አይፈልግም። ይህቺ ድምፁን ሁሉ ሩቅ አገር ልኬ ላስመርምር ስለማትል፣ በአንዲት ትንሽ ባትሪ ለዓመታት ትኖራለች። ቀዳዳ ስታገኝ ብቻ ስልክዎ ላይ መልእክት ትሰድዳለች።

እኔንም የሚያናድደኝ ነገር አለ፤ እርስዎ ካነሱት አይቀር ልናገር። ውሃ የሚቆጥበውን ቺፕ የምንሠራው በስንት ውሃ መሰልዎት? ቺፖቹ የሚሠሩባቸው፣ ሳህን የሚመስሉ ስስ የሲሊከን ዝርጎች በየደረጃው ይታጠባሉ፣ ደግመው ይታጠባሉ። የሚያጥባቸው ውሃ ከመጠጥ ውሃ እጅግ የጠራ መሆን አለበት። እዚህም ዝናብ ጠፍቶ የከተማው ግድብ ጎድሏል። ሰዉ አትክልቱን እንዳያጠጣ ተከልክሏል፤ የእኛ ፋብሪካ ግን እንደ ልቡ ይጠጣል። የጎረቤቴ ባል ሊፍት ውስጥ ሲያገኘኝ ሰላምታ ትቷል።

የምሠራው ውሃውን መልሶ በማጣራት ክፍል ነው። እጥበቱ መቼ እንደበቃ ከመለኪያዎቹ አይቶ የሚተነብይ ፕሮግራም ሠርቻለሁ። አሁን ዝርጎቹ ከጠሩ በኋላም ውሃው ዝም ብሎ ይፈስሳል። ለኃላፊዬ ሳሳየው፣ «ጥሩ ነው፤ ግን ትዕዛዝ ተቆልሎ መስመሩን አልነካም» አለኝ። ያ የእርስዎ ሥራ አስኪያጅ ወንድም ይኖረው ይሆን?

እናቴን ሳሙልኝ። ጀሪካን እንዳትሸከም ይከልክሉልኝ።

የእህትዎ ልጅ


ጥር 18

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

እንደምን ከርመሻል? ፈጣሪ በሰላም ያክርምሽ፤ የጎረቤትሽንም ባል ልብ ያራራልሽ።

መዘግየቴ ስንፍና አይደለም። ዕቃው ጉምሩክ ላይ ተያዘ። «ይህ ምንድን ነው?» አሉኝ። «ጆሮ ነው» አልኳቸው። ያን ዕለት ባልቀልድ ኖሮ ቶሎ ይለቁልኝ ነበር። በስንት ምልልስ ሲለቀቅ ደግሞ ሥራ አስኪያጁ፣ «የመሥሪያ ቤት ንብረት ሆኖ ይመዝገብ፤ አጠቃቀሙን የሚያጠና ኮሚቴ ይቋቋም» ብሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈባቸው። ኮሚቴው ተሰበሰበ፤ ሰብሳቢው ታመመ፤ ሰብሳቢው ዳነ፤ ስብሰባው ተረሳ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት እንዲህ ነው። በመጨረሻ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊዋን ለምኜ በፊርማዬ አወጣኋቸው።

ለጠፍናቸው። በማግስቱ ስልኬ ጮኸ፤ «ወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት ትልቅ ቀዳዳ አለ» ይላል። የጥገና ልጆቼን ሰብስቤ አስፋልቱን ቆረጥን፣ ቆፈርን፣ ወገባችን እስኪቀጠቀጥ ወረድን። ቧንቧው እንደ ሙሽራ ደህና ነው። ጠብ የምትል ውሃ የለችም። ለካ ያንቺ ጆሮ የሰማው የወፍጮውን ሞተር ነው! ባለ ወፍጮው በር ላይ ቆሞ፣ «ውሃ ካጣችሁ ዱቄት ልስጣችሁ» አለን። ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ፤ እኛ ግን የለቀምነውም የለም።

ሥራ አስኪያጁ ጠርቶኝ የአስፋልቱን ነገር በጽሑፍ አስረዳ አለኝ። የጉድጓድ ቆፋሪው ድርጅት ተወካይ አጠገቡ ተቀምጦ ነበር፤ እሱም ፈገግ ብሏል።

እስቲ ንገሪኝ፣ ይህ አስተውሎት የምትዪው ነገር አስተውሎቱ የቱ ላይ ነው?

እናትሽ ደህና ናት፤ ሰላም ብላሻለች።

አጎትሽ


ጥር 30

ይድረስ ለአጎቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። ሰላምታዬን ያሳጠርኩት ተናድጄ መሆኑን ይወቁልኝ።

ቺፗ ሞኝ አይደለችም፤ እንግዳ ናት። ቀዳዳ ምን እንደሚመስል የተማረችው እዚህ ካሉ ቧንቧዎች ነው። እዚህ ቧንቧው ፕላስቲክ፣ ሰፈሩ ጸጥተኛ ነው፤ ወፍጮ በሕይወቷ ሰምታ አታውቅም። ሰው አገር ሄዶ የሰላምታውን ቃል እንደ ስድብ የሚሰማ ሰው የለም? እኔ እዚህ የመጣሁ ጊዜ እንደዚያው ነበርኩ። ይህ የእሷ ጥፋት አይደለም። አስቀድሜ ማሰብ የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ እርስዎም ዘንጉን ደግነው ሳያረጋግጡ አስፋልት መቁረጥ አልነበረብዎትም። ይኸው ተናገርኩ።

አሁን ለምኜዎት የማላውቀውን ልለምንዎት። የእናንተን ቧንቧዎች ድምፅ ቅዱልኝ። ወፍጮው ሲሠራና ሲቆም፣ መኪና ሲበዛና ሲቀንስ፣ ፓምፑ ሲነሳና ሲያርፍ። ከሁሉ በላይ የሚያፈስ መሆኑ የታወቀ ቧንቧ አጠገብ ቅዱ፤ እሱን ሳትጠግኑ ቆዩልኝ። በኢንተርኔት ላኩልኝ፤ እንደ አዲስ አስተምራታለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅ። የእናቴ የድምፅ መልእክት አጭር ነበር። ከጀርባዋ የሚሰማው ሬዲዮ የእርስዎን ሬዲዮ መሰለኝ፤ ያ የሚያንሾካሹከው። እርስዎ ቤት ናት እንዴ?

የእህትዎ ልጅ


የካቲት 24

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

እንኳን በጤና ቆየሽልኝ። ቁጣሽ ደርሶኛል፤ ገሚሱ ይገባኛል፣ ገሚሱን ግን ለእናትሽ ወንድምነቴ ብለሽ ማሪኝ።

ቀድተናል። «የሚያፈስ ቧንቧ ሳትጠግኑ ቆዩ» ያልሽው ትእዛዝ ከፍጥረቴ ጋር አጣላኝ። ከቄራው ጎን ያለውን አንድ ቀዳዳ እያየሁት ማለፍ የገዛ ልጄ ሲያለቅስ አልፎ እንደመሄድ ነበር። ሰዎችም እያዩኝ፣ «ሽማግሌው ስልክ ይዞ ፍሳሽ ይቀርጻል» አሉኝ።

ባለ ወፍጮውን ደግሞ ሞተሩን አጥፍቶ እንዲያበራልን ለመንኩት።

«ለምን?»

«ማሽኑ የወፍጮን ድምፅ እንዲማር።»

«ተምሮ ሊቀጠር ነው?» አለኝ። ግን አጠፋልን፤ አበራልን። ደንበኞቹ ሲያጉረመርሙ፣ «ዝም በሉ፣ ትምህርት ላይ ነን» አላቸው። ከዚያ ወዲህ ወዳጆች ሆነናል።

ቅጂዎቹን በኢንተርኔት ልኬያለሁ። የመቆፈሪያው መኪና መጥቷል፤ ከሥራ አስኪያጁ መስኮት ሥር ቆሞ የእኔን ጠረጴዛ ሳይቀር ያንቀጠቅጣል። ይህ ጉድጓድ አዲስ ውሃ ቢያወጣ የሚገፋው በእነዚያው በሚያፈሱት ቧንቧዎች ነው። ይህን ስናገር እንደ ቅናተኛ ነው የሚያዩኝ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ።

ሬዲዮው የእኔው ነው። እናትሽ እኔ ዘንድ ለጨዋታ መጥታ ነበር። ራሷ ታናግርሻለች።

አጎትሽ


ሚያዝያ 12

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

ሰላም ነሽ ወይ? መልስሽ ቀረብኝ። በስልክም «ሥራ ላይ ነኝ» ትያለሽ፤ ይህ የእኔ መልስ ነው፣ ከእኔ ነው የተማርሽው። ጆሮዎቹ እስካሁን ወፍጮ ወፍጮ ይላሉ። እኔ በበኩሌ ቀዳዳው ከድሮው ገበያ በታች ነው ብዬ በራሴ ጆሮ አስቆፍሬ ነበር፤ ደረቅ አፈር ነው ያገኘሁት። ስለዚህ ከማሽኑ ጋር አሁን እኩል ነን። ጻፊልኝ እንጂ።

አጎትሽ


ሚያዝያ 28

ይድረስ ለአጎቴ፣

ጤናዎን አብዝቶ ይስጥልኝ። ይህን ደብዳቤ ጀምሬ ስንቴ ቀድጄዋለሁ።

ጆሮዎቹን ፋብሪካው ከእንግዲህ አይሠራቸውም። ስብሰባ ላይ ነው የሰማሁት። «ገበያው ያለው ትልልቆቹ ቺፖች ላይ ነው» አሉን፤ ለእነዚያ አዳራሽ ሙሉ ኮምፒውተሮች ማለታቸው ነው። ከጥፍር የምታንሰው፣ መብራት የማትበላው፣ የከተማ ውሃ የምታድነው ቺፕ ትርፍ የላትም ተባለ። ጆሮዎቹን የሠሩት ልጆች ወደ ሌላ ክፍል ተበተኑ። እኔ ማጣሪያው ክፍል ስለሆንኩ ተረፍኩ። በቅጂዎችዎ ቺፗን የሚያስተምርልኝ ሰው ስላልነበረ እያነበብኩ፣ እየተሳሳትኩ፣ በዕረፍት ቀኖቼ ብቻዬን ሠራሁት። ያዘገየኝ ይህ ነው። አፍሬ ነው ያልነገርኩዎት።

አልቋል። ዛሬ ልኬዋለሁ። ስልክዎን ወደ እያንዳንዱ ጆሮ አስጠግተው «ተቀበል» የሚለውን ይጫኑ፤ አዲሱን ትምህርት ይወስዳል። ወፍጮውን አሁን በደንብ ያውቀዋል። ዳግመኛ ዋስ አልሆንለትም ብዬ ነበር፤ ግን ፈትኜዋለሁ፣ ደህና ነው።

ደግሞ ይህን ይስሙ። ግድቡ ጭራሽ ሲጎድል ከተማው የፋብሪካውን ውሃ ቀነሰበት። በማግስቱ ኃላፊዬ እየሮጠ መጣ። «ያ የእጥበት ፕሮግራምሽ የት አለ?» አለኝ። የት ይሆናል? እሱ እንዳስቀመጠው ነዋ! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። አሁን በአንድ መስመር ላይ ተጭኖ እጥበቱ በጊዜ ይቆማል፤ የቀረውም ውሃ ተጣርቶ ይመለሳል፤ አንድም ዝርግ አልተበላሸም። አለቆቹ መጥተው ጨብጠውት ሄዱ። እሱን ነው የጨበጡት። ያኔ ቢሰማኝ ኖሮ እዚህ የሰፈሬ ሰው በባልዲ አይሰለፍም ነበር እያልኩ እበግናለሁ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ግን ደስታው በንዴቱ ውስጥ ማለፊያ አጣ።

አሁን ወደ እርስዎ ልመለስ። ለእናቴ ጎረቤት ደወልኩ። «ከወደቀች ወዲህ ቤቷ ዝግ ነው» አለችኝ። ከወደቀች! እናንተ ሁለታችሁ «ደህና ናት፣ ለጨዋታ መጥታ ነው» ስትሉኝ ነው የከረማችሁት። ጀሪካን እንዳትሸከም ይከልክሉልኝ ብዬ ለምኜዎት አልነበረም? እኔ ባዕድ ነኝ? ሩቅ ላለ ሰው አይነገርም ያለው ማነው?

እውነቱን ይጻፉልኝ። እስኪጽፉልኝ በስልክ አላናግርዎትም።

የእህትዎ ልጅ


ሰኔ 15

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ ለተቆጣሽው፣

ቁጣሽን ፈጣሪ ወደ ምሕረት ይለውጥልኝ። እውነቱን ልጻፍ።

እናትሽ የወደቀችው ታኅሣሥ ላይ ነው። ከመኪናው ውሃ ቀድታ ስትወጣ ደረጃው ላይ ጀሪካኑ ጎተታት፤ ዳሌዋ ተሰበረ። ከልክያት ነበር፤ እህቴን ከልክሎ ያስቆመ ሰው ካለ ግን አሳዪኝ። ሆስፒታል አስታከምናት፤ አሁን በምርኩዝ ትሄዳለች፣ ሐኪሙ ቀስ በቀስ ትተዋለች ብሏል። እኔ ዘንድ ነው ያለችው። «ለልጅቷ ብትነግራት ሥራዋን ጥላ ትመጣለች፤ እኔም ይቅር አልልህም» አለችኝ። ከሁለት ሴቶች ቁጣ የቀረበኝን ፈራሁ። የቧንቧውን ነገር እንደዚያ የጨቀጨቅኩሽም ለዚህ ነበር። አሁን ገባሽ?

ወደ ሥራው ልግባ። አዲሱን ትምህርት እንዳልሽው አስቀበልናቸው። ወፍጮው ፊት ያለው ጆሮ ዝም አለ። ደስ አለን። ከዚያ ከድልድዩ አጠገብ ያለው ጮኸ። ሄጄ አየሁት፤ አፈሩ ደረቅ፣ ሣሩ እንኳ ቢጫ ነው። «ይህም ሌላ ወፍጮ ሰምቶ ይሆናል» ብዬ ተውኩት። ነጋ ጠባ ይጮኻል። እናትሽ ምርኩዟን ጠረጴዛው ላይ እያንኳኳች፣ «ልጄ በዕረፍት ቀኗ የሠራችውን ለምን ትንቃለህ?» አለችኝ። ከእሷ ለማምለጥ ብዬ ወጣሁ እልሻለሁ።

ገና እስከ ወገባችን ሳንቆፍር ድምፁን ሰማነው፤ እንደ ፏፏቴ ነው። ዋናው መስመር ከሥር ተሰንጥቆ፣ ውሃው ወደ ላይ ከመውጣት ይልቅ ወደ ድሮው የጎርፍ ማስወገጃ ቱቦ ገብቶ በጨለማ ወደ ወንዙ ይወርዳል። እዚያ ላይ ስንት ዓመት ተመላልሼበታለሁ! ላዩ ደረቅ ስለሆነ የሰው ዓይን አይደርስበትም፤ በተሽከርካሪው ጫጫታ መሃል የእኔም ዘንግ አልሰማውም። ያንቺዋ ሰማችው። ልጆቼ ተቃቀፉ፤ እኔ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተቀምጬ ተናደድኩ። በየቀኑ ስንት ጀሪካን እግሬ ሥር ሲያልፍ ነበር!

ጠገንነው። ለሥራ አስኪያጁ ሳመለክት፣ «ጉድጓዱ የሚመረቅበት ሰሞን ስለሆነ ለጊዜው አናውራው» አለኝ። አዲሱ ጉድጓድ ገና አንዲት ጠብታ አልሰጠም፤ ግን የሚመረቅ ይመረቃል። የቀሩት ጆሮዎችም ሁለት ሌሎች ቀዳዳዎች ጠቁመውናል፤ በደብዳቤ ማመልከቻ ሳላስገባ ሄጄ ደፈንኳቸው። አስረዳ ካለኝ አስረዳለሁ።

ግፊቱን ቀስ ብለን ወደ ላይኛው ሰፈር ለቀቅን። የምስጋና ስልክ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ። ደወለ። ያነሳሁት ግን ጩኸት ነው።

«ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ? ቤቴን አጥለቀለቃችሁት!»

ለካ ከደረቀ ጀምሮ ሰዉ ሁሉ፣ ምናልባት አንድ ቀን ጠብ ብትል ብሎ ቧንቧውን ከፍቶ ነው የተወው፤ ከዚያ መክፈቱንም ረስቶታል። ውሃው ሲመጣ በየቤቱ ፈሰሰ፤ ምንጣፍ ራሰ፣ ዱቄት ቦካ፣ በደረጃው ወረደ። ስልኩ አላረፈም። በድርቀቱ ሲሰድበኝ የኖረው ሰፈር ሁሉ በእርጥቡም ሰደበኝ። አንዷማ፣ ያቺው የእናትሽ ጎረቤት፣ «እንደዚህ የምትሆኑ ከሆነ እንደ ድሮው ብታጠፉት ይሻላል» አለችኝ።

መልስ ልሰጣት ስል እናትሽ ድምፅዋን አውቃ ስልኩን ነጠቀችኝ። «እሺ፣ ስሚኝማ» አለቻት። «ሦስተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው በስተግራ ያለው ቤት የእኔ ነው፤ ቁልፉ እናንተ ዘንድ ነው። እባክሽ ሄደሽ እዪልኝ፤ ከፍቼው ይሆን?»

ሴትዮዋ ስትወጣ ሰማን፤ በሩ ተከፈተ። ከዚያ በስልኩ ውስጥ ውሃው ሲፈስ ተሰማን፤ ያንቺ ማሽን አላስፈለገንም። እናትሽ ምርኩዟን ጥላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። «አትዝጊው» አለቻት፤ «ትንሽ ልስማው።»

አጎትሽ